አሮጌ መኪናን በትንሽ ወጪ ማደስ

የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስመጣትን አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ደጃችሁ የቆመችው አሮጌ መኪና እንደ ዋዛ የምትተካ አይደለችም። መልኳን መጠበቅ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ዕድሜዋን ማራዘምም ነው።

ወለንጪቲ ላይ መኪና ቶሎ ይጎሳቆላል። ከአዳማ ወደ አዋሽና ጅቡቲ የሚከንፉት ከባድ መኪኖች ጠጠር ያስፈነጥራሉ፤ ፀሐዩ ቀለም ያደበዝዛል። የስምጥ ሸለቆው አቧራ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘ በመሆኑ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። አቧራ የለበሰ መኪና በደረቅ ጨርቅ አትወልውሉ። መጀመሪያ ብዙ ውሃ አፍስሱበት፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ እጠቡት። የአካባቢው የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ስለሚበዛበት ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። በማለዳ፣ ጥላ ስር አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት።

የፊት መብራቱ ከቢጫነቱ የተነሳ ብርሃኑ ደክሞ ከሆነ ይህን አስቀድሙ፤ በሌሊት መንገድ ላይ የሕይወት ጉዳይ ነውና። ቢጫ የሚሆነው የፕላስቲኩ ነው፤ የድሮው የመስታወት መብራት እንዲህ አይሆንም። ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። 1000 ቁጥር፣ ቀጥሎም 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካችሁ እሹት፣ በመጨረሻ በፖሊሽ አጽዱት። የጥርስ ሳሙናም ለጊዜው ያጠራዋል። ፀሐይ የሚከላከል ሽፋን ካልተቀባ ግን በወራት ውስጥ ተመልሶ ይደበዝዛል።

ጠጠር የነቀሰው ቀለም ብረቱን ካሳየ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዝገቱን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፍቁ፤ በቲነር ጠርጉ፤ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡ፤ ሲደርቅ የመኪናውን ቀለም ስስ አድርጋችሁ ደጋግሙ። የቀለሙ ቁጥር ኮፈኑ ስር ወይም የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ለምሳሌ 040 የታወቀው የቶዮታ ነጭ ነው። ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ቀለም መሸጫ ብትሄዱ በግምት ከመቀባት ትድናላችሁ። ሥራውን ነፋስ ሳይነሳ፣ ብረቱም ሳይግል በጠዋት ጨርሱ።

በዝገት ላይ ስቱኮ ለጥፎ መቀባት ግን ማታለል ነው። ዝገቱ ከስር መብላቱን አያቆምም፤ ጥቂት ቆይቶ ቀለሙን አሳብጦ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ወጪው እጥፍ ይሆናል። አሮጌ መኪና የምትገዙም ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ፓራፋንጎውንና የበሮቹን ግርጌ ፈትሹ። ብረት መሆን የሚገባው ቦታ ማግኔቱን ካልያዘ ወፍራም ስቱኮ አለበት ማለት ነው። ግርጌው በመፍቻ ጫፍ ሲነካ የሚበሳ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከቀለም አልፏል፤ መጀመሪያ ባትላሜራ ጋ ይሂድ።

ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ሦስት ነገር አትርሱ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ስትፍቁ ውሃ አስነኩት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጆቹንም አርቁ። ቲነር እሳት ይስባል፤ ቡና ከሚፈላበት ከሰል አጠገብ አይከፈት። የተረፈውንም በሃይላንድ ፕላስቲክ አታስቀምጡ። ውሃ ይመስላል፤ የተጠማ ልጅ ደግሞ አሽትቶ አይጠጣም።