ከተማ ይሁን፤ በጀቱስ?

ካሎቤዬ በ2016 ሲጀመር (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የታሰበው እንደ ካኩማ ካምፕ እንዲሆን አልነበረም። ስደተኛውና የቱርካና ሕዝብ ትምህርት ቤቱን፣ ክሊኒኩንና ገበያውን አብረው እንዲጠቀሙበት ነበር። በ2018 እስከ 2030 የሚዘልቀው ዕቅድ ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት አንዳንድ ቤተሰቦች ገንዘብ በባንክ እየተሰጣቸው ቋሚ ቤት ማሠራት ጀመሩ። በመጋቢት 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሩቶ ካምፖቹን ቀስ በቀስ ወደ ከተማነት የሚቀይረውን የሺሪካ ፕላን ይፋ አደረጉ።

ሐሳቡን የሚጠላ የለም። ዕድሜ ልኩን በራሽን መኖር የሚፈልግ ማን አለ? ጥያቄው ገንዘቡ ከየት ይመጣል ነው።

በዚያው በ2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ቀነሰች። በዓመቱ አጋማሽ ራሽናችን ከሙሉው መጠን ወደ 28 በመቶ ወረደ። እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ ዕቅዱ የብዙ ዓመት ነው፤ የለጋሾች ገንዘብ ግን ዓመት ጠብቆ ነው የሚመጣው፣ ሲቀርም ይቀራል።

መማሪያ ክፍል መሥራት የአንድ ጊዜ ወጪ ነው። መምህሩ ግን በየወሩ ደመወዝ ይፈልጋል። የውሃ ቧንቧም ቢዘረጋ ፓምፑ ሲበላሽ ጠጋኝ ያስፈልገዋል። የሚመረቀው ሕንፃው ነው፤ የሚረሳው የወር ወጪው ነው። ለዚህ በጀት ካልተያዘ ከተማው "ላም አለኝ በሰማይ" ይሆናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ የትኛው ሥራ ገንዘቡ በእጅ እንዳለ፣ የትኛው ገና ቃል ብቻ እንደሆነ በየቋንቋችን በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ አዲስ ከመጀመሩ በፊት የተጀመረው ይለቅ። ሦስተኛ፣ ራሱን ይችላል ተብሎ እርዳታ የሚቀነስበት ሰው መጀመሪያ መሥራት ይቻለው። የ2021 የስደተኞች ሕግ የመሥራት መብት ሰጥቷል። ነገር ግን ያለ ፈቃድ ከካምፕ መውጣት የማይችል ሰው ሥራውን የት ሄዶ ይፈልግ?

አንዳንዱ "እኛ ብንጠይቅ ማን ይሰማናል?" ይላል። ባንጠይቅስ ማን ይነግረናል? በሚቀጥለው የብሎክ ስብሰባ ስለ ከተማው ሲነገረን በትህትና "ለስንት ወር የሚሆን ገንዘብ አለ?" እንበል። መልሱ "የለም" ቢሆንም ማወቁ ይሻላል። ያወቀ ሰው የሌለ ገንዘብ ሲጠብቅ ዓመት አያልፍበትም።