ጅብራና የዝርያ ቆጠራ

በብዝኀ ሕይወት ጥናቶቻችን ዝርያ መቁጠር ይቀናናል፤ የእኔም የመመረቂያ ጥናት በዚሁ ተጀምሮ ነበር። ጅብራ ግን ቆጠራው የሚሸፍነውን ጉዳት ያሳያል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ይህ ተክል በስሜን፣ በጮቄና በባሌ ውርጫማ ከፍታዎች ይበቅላል። በመካከል ሞቃት ቆላ ስላለ የየተራራው ጅብራ በዘር ተለያይቷል። ሙቀት ሲጨምር መሸሻው ወደ ላይ ብቻ ነው፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር ሲያልፍ ጮቄ ከ4,100 ብዙም አይርቅም። ለዓመታት ኖሮ አንዴ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ደግሞ በዝግመተ ለውጥ ሙቀቱን ሊቀድመው አይችልም። የጮቄው ጅብራ ቢጠፋ የዝርያው ስም ከመዝገብ አይሰረዝም፤ የዘር ልዩነቱ ግን አብሮት ይጠፋል። ስለዚህ የስሜን ፓርክ መጠበቁ ለጅብራ ይበቃል የሚለውን አልቀበልም። ለጂን ባንክ የሚሆነው ዘር ከየተራራው፣ በተለይም ከዝቅተኞቹ ጀምሮ፣ ሊሰበሰብ ይገባል።