ጉልበቴን አሞኛል ማለት ነውር አይደለም

ኮሎምበስ ላይ በረዶው ሲጀምር ኳሳችን ወደ አዳራሽ ይገባል። ሳምንቱን ሙሉ ላይብረሪና መኪና ውስጥ ተቀምጠን እንከርምና፣ ቅዳሜ ማታ ሰውነታችንን ሳናሟሙቅ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠንካራ ወለል ላይ እንራወጣለን።

ባለፈው ዓመት ቀኝ ጉልበቴን ያመኝ ጀመር። ደረጃ ስወርድ ይወጋኛል፤ ክፍል ውስጥ ብዙ ተቀምጬ ስነሳ ይይዘኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ከጎደለ ጨዋታው ይበላሻል፤ ደግሞስ ማን «ደከመው» መባል ይፈልጋል? ክኒን እየዋጥኩ አምስት ሳምንት ተጫወትኩ። ከዚያ አራት ወር ቁጭ ብዬ አየሁ።

በቋንቋችን ጉልበት ማለት አቅምም ነው። «ጉልበቴን አሞኛል» ማለት የሚያሳፍረን ለዚህ ይመስለኛል፤ አቅም አጣሁ ያልን ይመስለናል። ግን ከኃይሌ ገብረ ሥላሴ የበለጠ አቅም ያለው ማን ነበር? እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው ኃይሌ፣ በ2010 የኒው ዮርክ ማራቶንን በጉልበት ሕመም አቋርጦ ወጣ። ያን ዕለት ሩጫ በቃኝ እስከማለት ደርሶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ፤ በቀጣዩ ዓመት የቪየናን ግማሽ ማራቶን አሸነፈ። ማቋረጡ መጨረሻው አልሆነም።

የፊዚካል ቴራፒ ባለሙያዋ እንዳስረዱኝ፣ ስንዘልና ስንታጠፍ ጫናውን የሚሸከሙት የጭንና የዳሌ ጡንቻዎች ናቸው። እነሱ ሲደክሙ ጫናው ጉልበት ላይ ያርፋል። እናቴ በስልክ «ወጌሻ ይይህ» ብላኝ ነበር። ነገር ግን ጉልበት ተጠማዞ «ጧ» ካለና በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፣ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ከመታሸት በፊት ሐኪም ማየት ይገባል።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከጨዋታ በፊት 20 ደቂቃ እናሟሙቅ፤ «ፊፋ 11 ፕላስ» የሚባለው ማሟሟቂያ ከኳስ በቀር ምንም ዕቃ አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ አምበሉ ሁልጊዜ «ያመመው አለ?» ብሎ ይጠይቅ፤ «አዎ» ያለውም ሳይቀለድበት ይቀመጥ።

በጁላይ 4 ሰሞን ለሚደረገው የፌዴሬሽኑ ውድድር የምትዘጋጁ የቀድሞ ተማሪዎችም አደራ፣ እናንተ ቀድማችሁ ተናገሩ። ታላላቆቻችን «አሞኛል» ሲሉ ከሰማን እኛም ማለት አያፍረንም።