እድር ከድንኳኑ በፊት ይድረስ

እኛ አዲስ አበቤዎች ሰው ሲሞት የሚያህለን የለም። ጡሩምባው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ይነፋል፤ ጎህ ሳይቀድ ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚው ይደረደራል፤ ሴቶቹ ብረት ድስቱን ይጥዳሉ፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ጸሐፊው ስም ይጠራል፤ የቀረ መቀጮውን ይከፍላል። ይህን ሁሉ የሚያስተባብር ሚኒስቴር የለም፤ በጀት የሚመድብለት መሥሪያ ቤትም የለም። ከየቤቱ በሚወጣ ጥቂት ብርና በአንድ ደብተር የሚሠራ ሥራ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ድርጅት በእጁ ያለ ሕዝብ፣ ካንሰር የያዘው ጎረቤቱ ብቻውን ከታክሲ ወረፋ ጋር ሲታገል ቆሞ የሚያየው ለምንድን ነው?

አንባቢ ሆይ፣ እድርን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። የምኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ነው። ከየፈረሰው ሰፈር ተሰባስበን በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ሰዎች ገና ስማችንን በቅጡ ሳንተዋወቅ በመጀመሪያ ያቋቋምነው ነገር ቢኖር እድር ነው። አባል ነኝ፤ መዋጮዬንም ሳላቋርጥ እከፍላለሁ። የሚቆጨኝ ይህን የሚያህል ኃይል ሥራውን የሚጀምረው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው።

ካንሰር ዛሬ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ በዓመት ከ77 ሺህ በላይ አዲስ ሕሙማን እንደሚኖሩና ከ51 ሺህ በላይ ሰዎች በዚሁ በሽታ እንደሚሞቱ አስልቷል። በሴቶች ላይ ግንባር ቀደሞቹ የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ናቸው። ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአንድ ቦታ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ወረፋው በወራት፣ አንዳንዴም በዓመት ይቆጠር ነበር። ሊድን ይችል የነበረ በሽታ ወረፋ ሲጠበቅ የማይድን የሆነባቸው ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ኋላ ላይ ጅማን የመሰሉ ከተሞችም ማሽን አግኝተዋል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። መንግሥት ማሽኑን፣ ሐኪሙንና መድኃኒቱን ያምጣ፤ ዕዳው የእሱ ነው፤ ይህን ዕዳ ማንም አይሰርዝለትም። ከቤት ተነሥቶ ማሽኑ ዘንድ እስኪደረስ ያለው መንገድ ግን የእኛም ዕዳ ነው።

ይህ መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም እስቲ አብረን እንቁጠር። የጨረር ሕክምና እንደ መርፌ አንድ ቀን ተወግቶ የሚገላገሉት አይደለም። በሳምንት አምስት ቀን፣ ለበርካታ ሳምንታት የሚሰጥ ነው። ሐኪሙ 25 ቀን ቢያዝ ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ጥቁር አንበሳ ደርሶ መልሱ 50 ጉዞ ይሆናል። ሕመምተኛው ብቻውን መሄድ ካልቻለና አስታማሚ ከተከተለው የሚከፈለው የ100 መንገደኛ ሒሳብ ነው። ኬሞቴራፒ የሚወስደው ደግሞ ብዙ ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ ይመላለሳል፤ ሲመለስ እያቅለሸለሸው፣ ጉልበቱ እየከዳው፣ በምሽቱ ግፊያ መካከል ታክሲ ይጠብቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ቢኖረውም መድኑ ታክሲ አይከፍልም፤ አስታማሚው ከሥራ የቀረበትን ቀን አይተካም፤ ቤት የቀሩትን ልጆች ምሳ አያበላም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእድሩን ስም አልጠራም፤ የሟቿንም አልጠራም። ጡታቸውን የታመሙ አንዲት እናት ቀዶ ሕክምናውን አልፈው ኬሞቴራፒ ጀምረው ነበር። ከአራተኛው ዙር በኋላ ገንዘቡ አለቀ። እሳቸውም አንድ እሑድ በእድሩ የወር ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ ስሞት ለቤተሰቤ የምትሰጡት 15 ሺህ ብር አለ። እባካችሁ ግማሹን አሁን ስጡኝና ስሞት ግማሹን ትሰጣላችሁ፤ ካልሞትኩም እከፍላችኋለሁ» አሉ። ስብሰባው ጸጥ አለ። ዳኛው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። «እናቴ፣ ደንቡ አይፈቅድልንም» አሏቸው። እውነታቸውን ነው፤ ደንቡ አይፈቅድም። ሴትየዋ ሕክምናውን አቋረጡ። ስምንት ወር ሳይሞላ ጡሩምባው ተነፋ። 15 ሺህ ብሩም ሳይጎድል፣ በደረሰኝ፣ ለልጃቸው ተሰጠ።

ሕክምናው ቢቀጥል ይድኑ ነበር ብዬ አልምልም፤ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን አንዲት ሴት የቀብሯን ገንዘብ ለመኖር ስትለምን «መጀመሪያ ሙቺ» የሚል ደንብ የጻፍነው እኛው ነን። የጻፈ ደግሞ መሰረዝ ይችላል።

ይህን ሐሳብ ሳነሣ የሚገጥሙኝን መልሶች በቃሌ ይዣቸዋለሁ። የመጀመሪያው «እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ወገኖች በ1990ዎቹ ዓ.ም. የሆነውን ረስተውት ካልሆነ በቀር እንዲህ ባላሉ ነበር። ኤች.አይ.ቪ. ቤታችንን ሲያራቁት፣ ጡሩምባው በየቀኑ ሲነፋ፣ የብዙ እድሮች ካዝና በቀብር ብዛት ደርቆ ነበር። ያን ጊዜ በዚችው ከተማ ያሉ በርካታ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ ማስታመም፣ ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። «ፀበልና መድኃኒት አይገናኙም» ይባል የነበረውም በዚያው ዘመን ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናገሩ። ታዲያ ለዚያ በሽታ የተለወጠ ደንብ ለዚህኛው የማይለወጥበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሁለተኛው መልስ «ካንሰር ገደል ነው፤ የእድር ገንዘብ አይሞላውም» የሚል ነው። ገደልነቱን አልክድም። እድር የካንሰር መድኃኒት ይግዛ ያለ ግን የለም። እድር የታክሲውን ይቻል። 240 አባላት ያሉት እድር በወር በነፍስ ወከፍ 10 ብር ቢጨምር በወር 2,400፣ በዓመት 28,800 ብር ይሆናል። በዚህ ብር ማንም አይከብርም፤ ነገር ግን በመሳፈሪያ እጦት ሕክምና የሚያቋርጥ ጎረቤት አይኖረንም። አሥር ብር ዛሬ ምን ይገዛል? አንድ ስኒ ቡና እንኳ አይሞላም።

ሦስተኛው ተንኮል ያለበት ነው፦ «ለካንሰር ከከፈልን ነገ የኩላሊቱም፣ የልቡም ይመጣል።» ይምጣ! ጎረቤት እኮ ነው የሚመጣው። በካንሰር እንጀምር የምለው ሒሳቡ ስለሚያዝ ነው። የቀጠሮው ቀን በካርድ ተጽፏል፤ ዙሩ ይታወቃል፤ ደረሰኝ አለው። ልክና መልክ ባለው ነገር ጀምሮ እጁን ያፍታታ እድር ሌላውንም አይፈራም።

አራተኛው መልስ ግን እውነት ስላለበት በጥሞና ልየው። «ሕመምተኛው ራሱ ይደብቃል፤ ያልነገረንን እንዴት እንርዳ?» ይላሉ። ልክ ነው፤ ይደብቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን በምንተርትበት አገር ካንሰር ይደበቃል። ምክንያቱ ግን እኛው ነን። ስሙን እንኳ አንጠራም፤ «ያ ክፉ በሽታ» እንላለን። የቀድሞ ስሙ «ነቀርሳ» ነው፤ ሳንባ ነቀርሳ ከምንለው ጋር በስም ስለተጋራ ይተላለፋል ብሎ ስኒ የሚለይ ሰው ዛሬም አለ። ካንሰር በትንፋሽ፣ በስኒ፣ በአልጋ አይተላለፍም። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ ካንሰሩ ራሱ ግን ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ሰው ስኒው እንደማይለይበት፣ ልጁን ለማጨት የሚመጣ እንደማይሸሽ፣ «ምን በድሎ ይሆን?» እንደማይባል ካወቀ ይናገራል። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ሽቦ አልባው ስልክ በመጣ ጊዜ ሰው «የነፋስ ስልክ» ስላለው ነው። ዛሬም በሰፈራችን የሰው ገመና ያለ ሽቦ ይሮጣል። ሕመምተኛው የሚፈራው ይህንኑ ነው። እንግዲያው እድሩ ምስጢር የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ይምረጥ፤ ለእነሱ ብቻ ይነገር፤ በደብተሩም በቁጥር እንጂ በስም አይመዝገብ።

ስለ ጥየቃችንም ላንሣ። እሑድ ከሰዓት ሃያ ሰው ተሰብስቦ ይገባል፤ ይሳሳማል፤ አንዱ ያስላል፤ ሌላው «የእገሌ እህትም እንዲሁ አድርጓት ነበር፤ ነፍሷን ይማር» ይላል። ሦስተኛው ኬሞው ይገድላል፣ ይህን ሥር ጠጣ ብሎ ይመክራል። ቡና ይፈላል፤ ቡናውን የምታፈላውም ሌሊቱን ስታስታምም ያደረችው ሴት ናት! ኬሞቴራፒ የወሰደ ሰው በተከታዮቹ ሳምንታት ነጭ የደም ሕዋሳቱ ስለሚቀንሱ ቀላል ጉንፋን እንኳ ሆስፒታል ሊያስተኛው ይችላል። ስለዚህ እሑድ ከሚመጡት ሃያ ሰዎች ይልቅ ማክሰኞ ጠዋት የሚመጣ አንድ ሰው ይበልጣል፤ ጄሪካን ሞልቶ፣ ሽሮ ሠርቶ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጥቶ የሚሄድ ሰው። ሕመምተኛው ማውራት ከፈለገ ይሰማው፤ ዝም ካለም አብሮ ዝም ይበል።

«ይህ ሕልም ነው» ለሚሉኝ የሕንዷን ኬረላ እጠቅሳለሁ። ሀብታም አገር አይደለችም። በማላፑራም አውራጃ ተራ ጎረቤቶች ሥልጠና ወስደው፣ ከየቤቱ ጥቂት ሳንቲም እያዋጡ፣ በማይድን በሽታ የተያዙትን ከነርስ ጋር እየዞሩ ማስታመም ጀመሩ። ነገሩ ሰፍቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የኬረላ መንግሥት የማስታገሻ ሕክምና ፖሊሲ አወጣ። ከእኛ በምን በለጡ? በእድር አይደለም፤ እኛ ከእነሱ በፊት አደራጅተናል። በሚጀምሩበት ሰዓት ነው የበለጡን።

እዚህም ቢሆን መንገዱ ባዶ አይደለም። በደም ካንሰር በተለየ ሕፃን ስም በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አለ። ተስፋ አዲስ የካንሰር ሕሙማን ልጆችንና ወላጆቻቸውን ያስጠጋል። ሆስፒስ ኢትዮጵያ በሕመም የሚሠቃዩትን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ያያል። እነዚህ ግን ይህን ሁሉ ሰፈር ለብቻቸው አይችሉትም። እያንዳንዱን ደረጃ፣ እያንዳንዱን በር የሚያውቅ እድር ብቻ ነው።

ስለዚህ ለየእድሩ መጪ የወር ስብሰባ አራት አንቀጽ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ሐኪም ካንሰር መሆኑን ያረጋገጠለት አባል ወይም የቤተሰብ አካል ቀጠሮው እስኪያልቅ መሳፈሪያው ከእድሩ ይከፈል። ሁለተኛ፣ አባሉ ከጠየቀ ለቀብር ከተመደበው ገንዘብ እስከ ግማሹ በሕይወት ሳለ ይሰጠው። ሦስተኛ፣ ለቀብር ስም እንደሚጠራ ለማስታመምም ተራ ይውጣ፤ ተራውን የዘለለ በቀብር እንደቀረ ይቀጣ። አራተኛ፣ የሴቶቹ እድር ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆኑ አባላቱን ለማሕፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይዞ ይሂድ፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት ዘመቻ በመጣ ቁጥርም የልጆቹን ስም ይጥራ። ለቀብር ሠራዊት የሚያሰልፉ ሴቶች ለዚህ አያንሱም።

የሚቃወም ካለ በስብሰባው ላይ ይነሣና ይናገር፤ እከራከረዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ከመናገሩ በፊት ተቀምጠው ያሉትን አባላት አንድ በአንድ ይያቸው። ከመካከላቸው ዛሬ የምርመራ ወረቀት በቦርሳዋ አጥፋ ይዛ የመጣች፣ ለማን እንደምትናገር የጨነቃት ሴት ልትኖር ትችላለች። የሚናገረውን እሷም ትሰማዋለች።