ማኪያቷን እንጠጣለን፣ ግራዚያኒን ግን አንውጥም

ጣልያንን እንወዳታለን። ይህን መጀመሪያ ተናግረን እንገላገል። ማኪያቶ ሳንጠጣ አፋችን አይፈታም። በጾም ፓስታ በአትክልት፣ ጾሙ ሲፈታ ላዛኛ እንበላለን። መኪናችን ጎማዋ ቢፈነዳ ጎሚስታ፣ ብትቆሽሽ ላቫጆ እንወስዳታለን (መኪና የለንም እንጂ ቢኖረን)። ስንለያይም የምንባባለው «ቻው» ነው።

ከመካከላችን አንዷ አምና ሮምን አይታ ከተመለሰች ወዲህ ደግሞ ብሶብናል። እዚያ ሰው ቡናውን ባንኮኒው ላይ ቆሞ በሁለት ፉት ጨርሶ ይሄዳል አለችን፤ ከተቀመጥክ ሂሳቡ ይጨምራል። ካፑቺኖ የጠዋት ነው፤ ከምሳ በኋላ ያዘዘ ሰው ወዲያው እንግዳነቱ ይታወቅበታል። እራት ላይ ግን ማንም ማንንም አያጣድፍም፤ ጨዋታው እስኪያልቅ ሂሳብ አይመጣም። ሰምተን ቀናን። ምን እንደብቃለን?

ይህን ፍቅራችንን የሚያበላሹብን ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ።

የመጀመሪያዎቹ «የአድዋ ልጅ ሆነህ እንዴት ፓስታ ትበላለህ?» የሚሉን ናቸው። ለነሱ መልሳችን አጭር ነው። አያቶቻችን የተዋጉት ከወራሪ ጋር እንጂ ከመኮረኒ ጋር አይደለም። ምግብ ፓስፖርት የለውም። ጣልያን የምትኮራበት ቲማቲም የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ እኛ የምንኮራበት በርበሬም እንዲሁ። ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ሹካችሁን አንሱና ብሉ።

ብዕር ያስነሱን ሁለተኛዎቹ ናቸው። ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለው አሮጌውን ፎቅ ሽቅብ እያዩ «አይ፣ ጣልያን ትንሽ ቢቆይ ኖሮ…» ብለው በረጅሙ የሚተነፍሱ። መንገዱን፣ ሕንጻውን፣ ቡና ማሽኑን እየቆጠሩ ምስጋና የሚያቀርቡ። ከነዚህ ጋር ነው ጠባችን።

እስቲ እንጠይቃችሁ። ቶኪዮ ውስጥ ሰው ፓስታ ይበላል። ኒውዮርክ ፒዛ የማያገኙበት ሰፈር የለም። የትኛውን ከተማ ነው ግራዚያኒ አስተዳድሮት ፒዛ የለመደው? ማኪያቶ ለመጠጣት የመርዝ ጋዝ መቅመስ ግዴታ ቢሆን ኖሮ ዓለም በሙሉ እስከ ዛሬ ሻይ ብቻ ይጠጣ ነበር። መንገዱም ቢሆን መጀመሪያ የተነጠፈው ጦር እንዲጓዝበትና አርበኛ እንዲታደንበት ነው፤ እኛ ሽርሽር እንድንሄድበት የተሠራ አይደለም። ጋዙን ራሱ የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1996 አምኖ ተቀብሎታል። ባለቤቱ ያመነውን እናንተ ፒያሳ ተቀምጣችሁ ለምን ትሸፋፍኑለታላችሁ?

ጣልያኖቹ ራሳቸው አልረሱም። ሮም በባቡር የገባ ጎብኚ ከቴርሚኒ ጣቢያ ሲወጣ መጀመሪያ የሚረግጠው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው ወታደሮች ናቸው። የኛ ልጅ ሻንጣውን እየጎተተ በላያቸው አልፎ ፎቶ ለመነሳት ወደ ኮሎሲየም ይሮጣል። ኮሎሲየሙን አልፎ ትንሽ ቢራመድ የአክሱም ሐውልታችን ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሞ የኖረበትን ቦታ ያገኝ ነበር። ሐውልቱ አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዴት ይረሳል?

ወይን ለምትወዱ ደግሞ አንድ ነገር እንንገራችሁ። ከሮም በስተምሥራቅ አፊሌ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ቼዛኔዜ የሚባለው ቀይ ወይኗ በስሟ ይጠራል። የግራዚያኒ መቃብርም እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ይህች ከተማ ከክልሉ መንግሥት በተገኘ ገንዘብ መታሰቢያ ሠርታ መረቀችለት፤ «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ቃላት ተጽፈውበታል። የካቲት 12ን ያወረደብን፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ያስፈጀ ሰው! የገዛ አገሩ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1950 የ19 ዓመት እስራት ፈርዶበት ነበር፤ ያውም ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ እንጂ በኛ ደም አይደለም። እሱንም ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ ተፈታ። መታሰቢያውን ብዙ ጣልያኖችም እንደተቃወሙት አንክድም። ጠባችን ከሕዝቡ ጋር እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ታዲያ አንሂድ? አንብላ? እንዴታ! ቪዛውንም ብሩንም ያገኘ ይሂድ፣ ይብላ፣ ይጠጣ። ግን ከጣልያን መማር ካማራችሁ የሚያኮራውን ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1986 ሮም ፒያሳ ዲ ስፓኛ ላይ የአሜሪካ ሃምበርገር ቤት ሊከፈት ሲል ሰዎች ተቃውመው አደባባይ ወጡ፤ «ስሎው ፉድ» የሚባለው እንቅስቃሴ ታሪኩን የሚጀምረው ከዚያ ነው። ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የሚባለው አይብ ከተወሰኑ አውራጃዎች ውጭ ከተሠራ፣ ወይም 12 ወር ሳይሞላው ከወጣ፣ በዚያ ስም መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ጣልያን ጣልያን የሆነችው የራሷን ስለምታከብር ነው። እኛስ? ቡናን ለዓለም የሰጠን ሰዎች፣ የተከበረ እንግዳ ሲመጣ አቦል፣ ቶና፣ በረካውን ትተን ሆቴል ወስደን «ኤስፕሬሶ» እናዝዝለታለን። «ትንሽ ቢቆይ ኖሮ» የሚሉት ሰዎች ጣልያንን በደንብ አላዩዋትም። ቢያዩዋት ኖሮ የሌላውን ከመናፈቅ ይልቅ የራሳቸውን ጀበና ይጥዱ ነበር።

አንድ ቀን ቀንቶን አፊሌ ከደረስን ቼዛኔዜውን እንቀምሳለን። ግን ብርጭቆውን ከማንሳታችን በፊት የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ስም እንጠራለን፤ የጎን ጠረጴዛው እንዲሰማ፣ ጮክ ብለን።

እስከዚያው ቻው።