ሰዓት የሚያይ፣ ዳገት የማያይ መራጭ

የላስታ ሰው ወደ አሸተን ማርያም ሲወጣ የመንገድ ጓደኛውን የሚመርጠው በሜዳ ፍጥነቱ አይደለም፤ ዳገት በመቻሉ ነው። የአትሌቲክስ ፌዴሬሽናችን ግን ይህን ዘነጋ። ታምራት ቶላ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወጣ ገባውን የኒውዮርክ ማራቶን በ2:04:58፣ በሥፍራው ክብረ ወሰን አሸነፈ። ዳገታማ ለሆነው የፓሪስ ኦሊምፒክ ግን ተጠባባቂ ተደረገ!

«የተመረጡት የተሻለ ሰዓት ነበራቸው» ይባል ይሆናል። የሴቪልና የለንደን ሰዓት ግን የሜዳ ሰዓት ነው። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ባይቀር ኖሮ የነሐሴ 4ቱ ወርቅ፣ የ2:06:26ቱ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን፣ ከወዴት ይመጣ ነበር?

ድሉ የምርጫውን ጉድለት አይሸፍንም። ፌዴሬሽኑ ለ2020 ዓ.ም. የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የመምረጫ መስፈርቱን፣ የመሮጫውን መልክዓ ምድር ጨምሮ፣ አስቀድሞ በጽሑፍ ይፋ ያድርግ። አለዚያ የምንልከው አትሌት ሳይሆን ዕጣ ነው።