በዐማራት የሌለ መንገድ

ዛሬ በዚህ ዓምድ የማወጋችሁ ስለ ሕልም ነው። ሕልም ስለ መፍታት ግን አይደለም፤ ለዚያ ሥራ በየቤቱ እናቶች አሉልን። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የተባለውም ለእነርሱ ሥልጣን ለመስጠት ይመስለኛል። የእኔ ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም ሰው ተኝቶ ሳለ፥ ሳይነቃ፥ በሕልሙ መካከል ቆሞ «ይህ የማየው ሁሉ ሕልም ነው» ብሎ ማወቅ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ይችላል። እንዴት እንደሚቻል ለመማር ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል፤ የተማርሁትም በካርቱም ከተማ፥ ዐማራት በሚባለው ሰፈር ነው።

የሰፈሩን ስም የሰማ ያገሬ ሰው ሁሉ ሌላ ነገር ይመስለዋል፤ በዐረብኛው ግን «ሕንፃዎች» ማለት ነው። ሰፈሩ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተ ምዕራብ፥ ከአፍሪካ ጎዳና ማዶ ይገኛል። መንገዶቹ በቁጥር ይጠራሉ፤ 15፥ 41፥ 61 እየተባሉ። እኔ በእግሬ ያዳረስኋቸው ሁሉ ቁጥራቸው ጎዶሎ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደዚያ የተላክሁት በ2012 ዓ.ም. ነው። ባለቤቴ አዲስ አበባ ቀርታ ስለ ነበር፥ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። የግቢው ዘበኛ ከኮርዶፋን የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ከዐረብኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም፤ የእኔም ዐረብኛ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም ነበር። ስለዚህ ወዳጅነታችን በብዛት በሻይ ነበር ማለት ይቻላል። ሻዩንም ስኳር አብዝተው ነበር የሚያቀርቡልኝ።

በካርቱም በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፤ ያን ጊዜ በገመድ የተጠለፈውን አልጋዬን አውጥቼ ከኒሙ ዛፍ ሥር እተኛ ነበር። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ሽማግሌው ለጸሎት ሲነሡ እነቃለሁ፤ ወይም አውሮፕላን ሲያርፍ እነቃለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ እተኛለሁ። በዚያች በሁለተኛይቱ እንቅልፍ የማየው ሕልም ግን በዕድሜዬ አይቼው የማላውቀው ብዛትና ጥራት ነበረው።

ምክንያቱን የተረዳሁት ኋላ መጻሕፍት ሳገላብጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አሰሪንስኪና ክላይትማን የተባሉ ተመራማሪዎች፥ የተኛ ሰው ዐይን በሽፋሽፍቱ ሥር ፈጥኖ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ እንዳለ፥ በዚያም ሰዓት የተቀሰቀሰ ሰው ብዙውን ጊዜ ሕልም ሲያይ እንደ ነበረ የሚናገር መሆኑን አስታወቁ። ይህ የእንቅልፍ ክፍል በየ90 ደቂቃው ያህል ይመላለሳል፤ መጀመሪያ አጭር ነው፤ ወደ ንጋት ሲቃረብ ግን እየረዘመ ይሄዳል። እንግዲህ የመብራት መጥፋትና የሽማግሌው ጸሎት፥ ሊቃውንቱ ሆን ብለው ለተማሪዎቻቸው የሚያዝዙትን ነገር ለእኔ በነጻ ያደርጉልኝ ነበር፤ ይኸውም ወደ ንጋት ነቅቶ፥ ጥቂት ቆይቶ፥ ሐሳቡን ሰብስቦ እንደገና መተኛት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አርስጣጣሊስ ስለ ሕልም በጻፈው ላይ፥ ሰው ተኝቶ ሳለ በውስጡ አንድ ነገር «ይህ ሕልም ነው» እያለ የሚነግረው ጊዜ እንዳለ አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ1913 ዓ.ም. ፍሬድሪክ ቫን ኤደን የተባለ የሆላንድ ሐኪምና ደራሲ ዛሬ ነገሩ የሚታወቅበትን ስም አስለመደ፤ ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «ብሩህ ሕልም» ልንለው እንችላለን። ይሁን እንጂ ብዙ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ አላመኑም ነበር፤ ተኝቻለሁ የሚል ሰው እንዴት ዐውቄያለሁ ይላል በማለት። ማስረጃው የተገኘው በዐይን ነው። በሕልም ሰዓት የሰውነት ጡንቻ ይታሰራል፤ ዐይን ግን አይታሰርም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሀል ዩኒቨርሲቲ ኪዝ ኸርን የተባለው ተመራማሪ፥ አለን ዎርስሊ ከተባለ ሰው ጋር ተስማማ፤ ሕልም መሆኑን ሲያውቅ ዐይኑን አስቀድመው በተዋዋሉት መጠን ግራና ቀኝ እንዲያዞር። ሰውዬውም ተኝቶ ሳለ ቃሉን ጠበቀ፤ መሣሪያው መዘገበው። በአሜሪካም ስቲቨን ላበርዥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በራሱ መንገድ ከዚሁ ደረሰ። የእስረኛ መልእክት ከወኅኒ ግንብ ማዶ እንደ መስማት ያለ ነው።

ዘዴው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ቀን ቀን፥ በቁም ነገር፥ «አሁን ሕልም እያየሁ ይሆን?» ብሎ ራስን መጠየቅ፤ ጽሑፍን ወይም ሰዓትን አይቶ፥ ዘወር ብሎ፥ እንደገና ማየት። በሕልም ውስጥ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ባለበት አይቈይም። እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ስለሆንሁ የደብዳቤ ቁጥር መረጥሁ። በእጄ የገባውን ደብዳቤ ሁሉ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየው ነበር፤ ከዚያም የእጅ ሰዓቴን ሁለት ጊዜ። አለቃዬ ይህን ተመልክተው በደብዳቤው ረገድ ትጉህ፥ በሰዓቱ ረገድ ግን ለመውጣት የምቸኩል ሰው ነኝ ብለው ደመደሙ።

ከራስጌዬም ደብተር አኖርሁ፤ ስነቃ ሳልነሣ ሕልሜን እጽፍበት ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ይህ ደብተር ነው። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በሕልሜ ለፓስፖርት ማኅተም ሄድሁ፤ በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት በልጅነቴ በዐዲግራት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ያስቈጠሩኝ መነኵሲት ናቸው። ከጀርባቸው የትምህርት ቤቱ ደወል ይደወላል። እኔ ግን ምንም አልደነቀኝም፤ በልቤ «ተዛውረው ይሆናል» ብዬ ወረፋዬን ያዝሁ። በሌላ ሌሊት አባይ ወንዝ በመሥሪያ ቤታችን ኮሪደር ሲፈስ አየሁ፤ «ለጊዜው ነው፤ የእድሳት ሥራ አለ» አልሁ። ደብተሩን በወሩ መጨረሻ ሳነበው የራሴ ድምፅ አሳቀኝ። ለእያንዳንዱ የማይሆን ነገር መንግሥታዊ ምክንያት ሰጥቼ ነበር።

ሕልም አእምሮ የሌለው ነገር ነው ይባላል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አልተቀበልሁትም። በሕልም ውስጥ ምክንያት ሞልቷል፤ የጠፋው ምክንያቱን የሚመረምር ነው። ስለ አንጎል የሚያጠኑ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምረው በምስል ሲመለከቱ፥ በዚያ የእንቅልፍ ክፍል ስሜትን የሚያነሣሣው የአንጎል ክፍል በርትቶ ሲሠራ፥ በግንባር በኩል ያለውና ነገርን የሚያመዛዝነው ክፍል ግን ሥራውን ቀነስ አድርጎ ተገኝቷል። ይህ ማለት ዋናው ሹም ፈቃድ ወጥቶ፥ ምክትሉ የቀረበለትን ወረቀት ሁሉ ሳያነብ ይፈርማል እንደ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቢሮ አይታችሁ ከሆነ ሕልምን ታውቃላችሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የነቃሁት—ተኝቼ ማለቴ ነው—በጥር 2014 ዓ.ም. ነው። በዐማራት ስሄድ የመንገዱን ሰሌዳ አየሁ፤ 42 ይላል። እንደ ልማዴ «አዲስ የተከፈተ ይሆናል» ልል ስል፥ አንድ ነገር ያዘኝ። በ41 እና በ43 መካከል ምን ቦታ አለ? በዚህ ሰፈር ሙሉ ቁጥር መቼ አይቼ አውቃለሁ? ሰሌዳውን ዘወር ብዬ እንደገና ባየው 24 ሆኗል። «ሕልም ነው!» ብዬ ጮኽሁ፤ ደስታዬም ከመብዛቱ የተነሣ ወዲያው ነቃሁ። ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከልበት እዚህ ላይ ነው። ኋላ ግን መዳፍን ከመዳፍ ማሸት ሕልሙን እንደሚያቈየው ተማርሁ።

ለባለቤቴ በስልክ ብነግራት «ሕልምህን ማዘዝ ከቻልህ የቤት ኪራዩን ለምን በዚያ አትከፍልም?» አለችኝ። እግረ መንገዴን ግን ይህን ልበል፤ ስለ ሕልም ሲሉ እንቅልፍን መቈራረጥ በጎ ነገር አይደለም፤ እኔን ያስነሣኝ ሙቀቱ ነበር። የአእምሮ ሕመም ያለበት፥ ወይም እውኑንና ሐሳቡን መለየት የሚቸግረው ሰው ከሐኪም ጋር ሳይመክር አይሞክረው።

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 7 ቀን ቅዳም ሥዑር ነበር። ለነገው ፋሲካ ዶሮ ገዝቼ ከግቢው ዛፍ ሥር አስሬያታለሁ። ጠዋት በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ተኩስ ተጀመረ፤ የሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል መዋጋት የጀመሩበት ቀን ነበር። ጥቍር ጢስ ከጣሪያዎቹ በላይ ወጣ። ሽማግሌው የውኃ ጐማውን ይዘው ኒሙን ያጠጡ ነበር፤ ማጠጣታቸውን አላቋረጡም። ዶሮዋም ትጮኻለች። እኔ የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ ዘወር ብዬ እንደገና አየሁ። ያው ነው። ሦስተኛ አየሁ። ያው ነው።

ያን ቀን የተረዳሁትን እስከ ዛሬ ከየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም። በፊቴ ያለው ነገር ሁሉ ከሕልም ይልቅ ሕልም ይመስል ነበር፤ ሰዓቱን ባላይም ግን መንቃቴን ዐውቅ ነበር፤ ምክንያቱም ደንግጬ ነበር። «ይህ እንዴት ይሆናል?» እያልሁ ነበር። በሕልም ቢሆን ኖሮ «የእድሳት ሥራ ነው» ባልሁ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፥ ተኩሱ ለሌሊቱ እንደ ውሻ ጩኸት የተለመደ ሲሆን፥ እኔም ከዛጎል ድምፅ በታች ቊጭ ብዬ ስለ ስኳር ዋጋ ማሰብ ስጀምር ነው በእውነት የፈራሁት። መደንገጥ አቁሜ ነበርና። በማግሥቱ ተነሣሁ።

በገዳሪፍ በኩል ወደ ገላባት፥ ከዚያም ወደ መተማ ወጣሁ። ሽማግሌውን አብረን እንሂድ ብዬ ለመንኋቸው። ቤቱን ማን ይጠብቃል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስልካቸው አልሠራልኝም።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ሕልሙ ተለወጠ። የግቢው የብረት በር ይደበደባል፤ ከፍቼ ለማየት አልደፍርም፤ በላብ ተጠምቄ እነቃለሁ። ባለቤቴም ከእኔ ጋር ትነቃለች። ያን ጊዜ በዐማራት የለመድሁት ነገር ትዝ አለኝ። የሆላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. በቅዠት በሚሠቃዩ 23 ሰዎች ላይ ባደረጉት መጠነኛ ጥናት፥ ብሩህ ሕልምን የተማሩት ቅዠታቸው ቀንሶላቸዋል፤ የሚያስገርመው ደግሞ በሕልማቸው መካከል ዐውቀው ያልነቁትም ጭምር ቀለላቸው። ምናልባት የሚረዳው፥ ሰው ቀን በእውኑ ሳለ ለሕልሙ ሌላ ፍጻሜ ማሰቡ ይሆናል። እኔም ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት፥ በሩ ሲደበደብ ቁጥሩን እንዳይ ለራሴ አስጠነቅቅ ነበር፤ በሩ ላይ የመንገዱ ቁጥር ተጽፏልና።

ከብዙ ሌሊት በኋላ ተሳካልኝ። በሩ ሲደበደብ ሄጄ ከፈትሁ። ሽማግሌው ናቸው፤ የውኃ ጐማቸውን ይዘዋል። በትግርኛ «ከመይ ሓዲርካ፥ ወደይ» አሉኝ። እኔም «እግዚኣብሔር ይመስገን» ብዬ ልመልስ አፌን ከፍቼ ቆምሁ። ትግርኛ የሚያውቁት የት ነው? ተምረው ይሆናል የሚለው የተለመደው መልስ ወደ ከንፈሬ መጥቶ ነበር፤ መለስሁት። ዐወቅሁ።

አንባብያን ሆይ፥ ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ። ጳውል ቶለይ የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በሕልም የሚታዩ ሰዎች የሂሳብ ጥያቄ ሲጠየቁ እንዴት እንደሚመልሱ መርምሮ ነበር፤ በሂሳብ ደካሞች ሆነው ተገኝተዋል። ምክንያቱም ከአላሚው የተለየ ራስ የላቸውም። እኔም ሽማግሌውን «በሕይወት አሉ?» ብላቸው የሚመልስልኝ እኔው ነኝ። አሉ ቢሉኝ ምኞቴ፥ የለም ቢሉኝ ፍርሃቴ ነው። እንቅልፉ ይሳሳ ጀመር፤ የግቢው ግንብ እንደ ጢስ ሲበተን አየሁ።

መዳፌን ከመዳፌ አሸሁ። ግንቡ ተመለሰ፤ ኒሙም ተመለሰ። ሳልጠይቃቸው ከአልጋው ጫፍ ተቀመጥሁ። ሽማግሌው ጐማውን ከዛፉ ሥር አኑረው ሻይ በብርጭቆ ቀዱልኝ። ቀመስሁት፤ እንደ ወትሮው ስኳር በዝቶበት ነበር።